ከኮታ በላይ

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከልጄ አትበልጥም።
"ዶሲንዳ" አለችኝ፣ "ስድስት ሳምንት ሙሉ ከባድ አታነሺም፤
ሁለት ሊትር ወተት፣ ከዚያ ወዲያ የለም።"
ለማን እንደምትለው ብታውቅ ኖሮ አትለውም።
ሠላሳ አንድ ዓመት በአሮሳ ዳርቻ፣ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር አሸዋውን ጭሬ፣
ዛጎል በባልዲ፣ ከነጭቃው፣ ከነውኃው ተሸክሜ ኖሬ፣
"የሰነፈው ወገቤ ነው" ብዬ፣
ፎጣ በፎጣ ላይ ደርቤ፣ ቦት ጫማዬን አጥብቄ ውዬ።

ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ማኅበሩ የሚያድለን ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤
ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ፣ በስንት እንደሚመለስ ይናገራል።
እኔም በዚያው ላይ፣ በእርሳስ፣ የራሴን ቀን እጽፍ ነበር፤
አንዲት መስቀል በወር።
ዕድሜዬ ሃምሳን ሲሻገር መስቀሎቹ በዙ፤
ሳምንት ያዙ፣ ሁለት ሳምንት ያዙ፤
በመጨረሻ ገጹ እንዳለ የመቃብር ቦታ መሰለ።
ባሕሩስ ሄዶ ይመጣል፤ የእኔ ግን ሲሄድ ዋለ፣ ሲሄድ አደረ።

ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅሁት፣ "ማህፀኔ ስንት መዘነ?"
ነርሷ ሳቀች።
እኔ ግን የጨረታ ሰው ነኝ፤ ያልተመዘነ ነገር ከእጄ አይወጣም።
"አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ" አለች በኋላ፣ ወረቀት ገልጣ፤
ከነዕጢው፣ በአንድ ላይ፣ በአንድ ሚዛን ወጣ።
ይህን ሁሉ ከኮታ በላይ፣ ያለ ፈቃድ፣ በሆዴ ደብቄ፣
ተቆጣጣሪው ፊት ስንቴ አልፌአለሁ "ደኅና ዋል" ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ስቄ!
ኦብዱሊያ ልትጠይቀኝ መጥታ ይህን ብነግራት ሳቅ አፈናት፤
ትራሱን ሆዴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ "ተይ፣ ስፌቱ ይፈታል!" ብላት
ጭራሽ ባሰባት።

ኤላዲዮ ልብስ ያሰጣል፤ በመስኮት አየዋለሁ።
ዕድሜውን ሙሉ መረብ ሲቋጥር የኖረ ጣት
የውስጥ ልብሴን ገመድ ላይ ማስያዝ አቅቶት
ከነፋስ ጋር ይታገላል፤
ጎረቤት እንዳያይ በደረቱ ይከልላል።
ሌሊት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ "ያምሻል?" ይላል።
ከዚያ ሌላ ቃል አልፈጠረበትም።
"አያመኝም" እላለሁ። አያምነኝም።

የልጅ ልጄ ብራይስ እጆቹን ዘርግቶ ይመጣል፣ "አንሺኝ!"
ዐሥራ አራት ኪሎ። ሰባት እጥፍ ወተት።
እንዴት ብዬ ላስረዳው? ግድግዳውን ይዤ ቀስ ብዬ ወረድሁ፤
ወለሉ ላይ፣ አሸዋ ላይ እንደ ቀረች ጀልባ ተዘርግቼ ቀረሁ፤
እሱም ራሱ ተሳፈረ።

"ሥራውን ጨርሷል፤ ያረጀ ቤት ነው፣
ቢፈርስ ምናለው?"
አለች የባሌ እህት፣ ሾርባ ይዛ መጥታ።
ልክ ናት። ሳቤላ ኖራበት ወጣች፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰዓት አስለፍታ፤
ወንድሟም ወጣ፣ ከአምቡላንስ ሳንወርድ፣ ተቻኩሎ።
ሦስተኛው ግን አለ።
አራት ወር የተቀመጠ፣ ስም ያልወጣለት፣ ፎቶ የሌለው፣
ከኤላዲዮና ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀው።
በዚህ ዓለም የኖረበት ቤት ያ ብቻ ነበር።
ለእሷ ይህን አልነገርኋትም። ሾርባው ጨው ይጎድለው ነበር።

በዘጠነኛው ሳምንት ውኃው በማለዳ ሸሸ።
ኦብዱሊያ ባልዲዬን ነጥቃኝ ቀደመች፤
"አንቺ ጫሪ ብቻ" አለች።
ጎንበስ አልሁ። ጠባሳው ሳብ አደረገኝ።
ጭቃው እንደ ድሮው ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ክፉ ሽታ፣ የማውቀው።
ከመጫሪያዬ ጥርስ ላይ አንዲት ዛጎል ወጣች፣
ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ፤
መለኪያ እንኳ አያስፈልጋትም፣ ገና ናት።
ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳላይ እወረውራታለሁ፤
ዛሬ ግን ተንበረከክሁ፣
በሁለት ጣቴ ጉድጓድ ማስሁ፣
አስቀመጥኋት፤ አሸዋውን መልሼ በመዳፌ መታ፣ መታ አደረግሁ።

"ዶሲንዳ!" ትላለች ኦብዱሊያ ከሩቅ፣ "ምን ጠፋብሽ?"
"ምንም" አልኋት። "ሂጂ፤
እኔ ውኃው እስኪመለስ ልቆይ።"